የሓን ለማየት ስትሄዱ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አስጎብኚ ነኝ፤ ትግራይ ውስጥ ወዳለችው ወደ ጥንታዊቷ የሓ ከመሄዳችን በፊት ከመንገደኞቼ ጋር አራት ኪሎ ላይ ቡና እየጠጣን እንገናኛለን። የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ «አምስት ኪሎ ሙዚየም ገብታችኋል?» አብዛኞቹ «ድንቅነሽን አይተናል» ይሉኛል።

ድንቅነሽን ብቻ አይቶ መውጣት፣ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። አንድ መንገደኛ ከቦሌ በርሮ አክሱም ወረደ፤ በዓድዋ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሓ ቤተ መቅደስ መሐል ቆመና «በቃ? ይኸው ነው?» አለኝ። አንጀቴ ነው ያረረው። አዎ፣ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነው። ግን ከ2,500 ዓመት በላይ የቆየ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በጥርብ ድንጋይ ብቻ ወደ 14 ሜትር ከፍ ያለ ግድግዳ ነው! ውስጡ ባዶ ስለሆነ የዚያን ዘመን ሰው ዕቃ ቀድሞ ያላየ ሰው ምን እንደሚያይ አያውቅም። ያ ዕቃ ደግሞ ከአራት ኪሎ በእግር በሚደረስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦላችኋል። አክሱም አቅራቢያ ካለው ከሐውልቲ የመጣውን የድንጋይ ዙፋን ፈልጉና ጠርዙን ልብ በሉ፤ ዋልያ የሚመስሉ እንስሳት ተደርድረውበታል። የሓ ላይ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ባለው የአቡነ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእነሱኑ ዘመዶች ታገኟቸዋላችሁ። አምስት ኪሎን ያላየ ሰው ቀና ሳይል በሥራቸው ያልፋል።

የሳባውን ጽሕፈት፣ የግእዝ ፊደላችን የመጣበትን ማለቴ ነው፣ እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ ተለማመዱ። ባለፈው አንዲት ልጅ ጽሕፈቱን እያየች «እማዬ፣ ይቺ በ አይደለችም? ይቺስ ለ!» አለች። ልክ ናት። ክቧ ዐ ናት። ጥንታዊዎቹ ጽሕፈቶች አንዳንዶቹ በሬ እንደሚያርስ አንዱ መስመር ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ።

«የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» አትበሉት። አልመቃህ ለሚባል አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ ነው፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያን መሆኑም ለዛሬ እንዲደርስ ረድቶታል።

በቀትር አትሂዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ድንጋዩ ሁሉ አንድ መልክ ይሆናል፤ በማለዳና ወደ ማታ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው ይታያል።

ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ ጽሕፈቱንም አትዳስሱ። ይህን ስል እኔም አድርጌዋለሁ። በጀማሪነቴ ለእንግዶች ላሳይ ብዬ ፊደሉ ላይ ጣቴን ሳስኬድ አንድ አባት እጄን ቀስ ብለው ያዙና «በዓይንህ አንብበው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን ወደ ኋላ አጣጥፌ ነው የምቆመው።

ነጠላ ያዙ። በገመድ የሚወጣበትን የደብረ ዳሞ ገዳምንም የምትጨምሩ ከሆነ ሴቶች ወደ ላይ እንደማይወጡ ከቤት ሳትነሱ ተነጋገሩ፤ ገመዱ ሥር ደርሶ መስማት ያማል። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

ቤተ መቅደሱን አይታችሁ ወዲያው መኪና ውስጥ አትግቡ። ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ግራት በዓል ገብሪ የሚባለውን የጥንት ሕንፃ ምሰሶዎች እዩ፤ ከዚያ ዞር ብላችሁ እነዚያን ሾጣጣ ተራሮች ተመልከቱ። እኔ ሹፌሩን ግማሽ ሰዓት አስጠብቀዋለሁ፤ እስካሁን ያንን ግማሽ ሰዓት የጠላ መንገደኛ አልገጠመኝም።