የሰፈር ነጻ ኮንሰርት እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ በመድረክ የሚሰማባቸው ቤቶች አብዛኞቹ መግቢያ ያስከፍላሉ። በማያስከፍሉትም ቢሆን መጠጥ ያላዘዘ ሰው ብዙ አይቀመጥም። ስለዚህ ልጆች፣ አረጋውያንና ኪሳቸው የሳሳ ሰዎች ሙዚቃ የሚያገኙት ከሠርግ ድንኳንና ከስልክ ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ክራር ደርዳሪ አንድ ሰፈር ውስጥ ዓመታት ኖሮ ጎረቤቶቹ ሲጫወት ሳይሰሙት ይቀራሉ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ከቅስቀሳው ጋር የተጣበቀ ስለነበር እንዲመለስ መመኘት ይከብዳል፤ ሆኖም ብዙ ድምጻውያን ከሰው ፊት መቆምን የለመዱት እዚያ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ወይም በወጣት ማዕከል ሁለት መቶ ያህል ሰው ለሚታደምበት የሁለት ሰዓት ዝግጅት ይሆናል። ከዚያ ለሚበልጥ ሕዝብ መድረኩም ጥበቃውም ሌላ ዓይነት ነው።

1. ከሙዚቀኛው ክፍያ ጀምሩ

መግቢያው በነጻ የሚሆነው ለአድማጩ ነው። ሙዚቀኛው ግን ልምምድ አለበት፣ የታክሲ ወጪ አለበት፣ በዚያ ቀን ሊያገኘው የሚችለውን የሠርግ ሥራ ትቶ ነው የሚመጣው። «ለስምህ ማስተዋወቂያ ይሆንልሃል» የሚለውን አነጋገር እርሱት። ያንን የሚለው ሰው ለድምፅ ማጉያ አከራዩ እንደዚያ ብሎ አያውቅም፤ ለአከራዩ ቀብድ ይከፍላል።

ገንዘቡ ካነሰ ክፍያውን ሳይሆን የተጫዋቹን ቁጥር ቀንሱ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንድ ድምጻዊ ለሰፈር ሜዳ በቂ ናቸው። ኪቦርድ፣ ጊታርና ድራም ያለው ሙሉ ባንድ የሚጨምረው ወጪና ጩኸት ነው፤ ደስታውን እጥፍ አያደርገውም። የተስማማችሁበትን መጠን፣ መድረክ ላይ የሚጫወቱበትን ጊዜ ርዝመትና ክፍያው የሚፈጸምበትን ሰዓት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ግማሹን በቅድሚያ ስጡ። ቡድን ከሆነ ገንዘቡን ማን እንደሚቀበልና እንዴት እንደሚካፈሉት አስቀድመው እነሱው ይንገሯችሁ።

ከዚህ በላይ የሚመጣው ሽልማት ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ብሩን አውጥቶ በተጫዋቹ ግንባር ላይ መለጠፍ ማንም አላስተማረውም፤ ልማዱ ከእኛው ጋር አለ። መድረኩ አጠገብ ሳጥን አስቀምጡ፣ የአንዱን ሙዚቀኛ የቴሌብር መክፈያ ኮድ በትልቁ አትማችሁ ስቀሉ። መድረክ መሪው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የተጫዋቾቹ መሆኑን አንድ ጊዜ መሃል ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ይናገር። ነገር ግን ሽልማት የተስማማችሁበትን ክፍያ አይተካም። ዝናብ ቢመጣና ሰው ቢበተን ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ሙዚቀኛው ግን ሥራውን ሠርቷል።

2. ወጪውን ለሰፈሩ አከፋፍሉ

ከእድር ገንዘብ አትጠይቁ፤ የእድር ገንዘብ ለሐዘን የተጠራቀመ ነው። ወንበርና ድንኳን ግን ጠይቁ። ብዙ እድሮች ያከራዩታል፤ ለሰፈር ዝግጅት ሲሆን ዋጋ መቀነስ ወይም በነጻ መስጠት ያልተለመደ አይደለም። ጥሬ ገንዘቡን ከዳቦ ቤቱ፣ ከፋርማሲው፣ ከካፌውና ከጸጉር ቤቱ ሰብስቡ። ከአንድ ትልቅ ስፖንሰር ይልቅ ብዙ ትንንሽ ሰጪዎች ይሻላሉ፤ አንዱ ቢቀር ኮንሰርቱ አይቀርም። ስማቸውን በባነሩ ላይ ጻፉላቸው። የመጠጥ ማስታወቂያ አታስገቡ፤ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

3. ቀኑን በሰፈሩ አቆጣጠር ምረጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ክረምት ተዉት። ሁዳዴን ተዉት፤ 55 ቀን ነው፣ እስክስታ የሚወርድበት ጊዜ አይደለም። የረመዳንንም ወር እንዲሁ። የሚቀሩት ጥሩ ወቅቶች ከመስቀል እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ ኅዳር 15፣ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መያዣ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ክረምት መግቢያ ናቸው። ችግሩ የኋለኞቹ ሁለቱ የሠርግ ወቅቶችም ናቸው። የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ይወደዳል፣ ጎበዝ ማሲንቆ ተጫዋችም ቅዳሜና እሑድ አይገኝም። ስለዚህ ጥቅምትን አስቡ፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው።

ሰዓቱ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢሆን ቅዳሴውም ምሳውም አልቋል፣ ፀሐይም አልጠለቀችም። በዚህ መሃል የከሰዓት በኋላው («አስር» የሚባለው) ሶላት አዛን ይሰማል። መስጊድ ቅርብ ከሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁና ዕረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት።

አንድ ነገር በምንም ዕቅድ አይገታም፤ ለቅሶ። በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ሰው ካረፈ ከበሮ አይመታም፤ የእድሩ ድንኳንም ወደዚያው ይሄዳል። ከሙዚቀኞቹና ከድምፅ አከራዩ ጋር ስትዋዋሉ ተለዋጭ ቀን አብራችሁ ጻፉ።

4. ደብዳቤውን ቀድማችሁ አስገቡ

ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ወረዳው ዘንድ ሂዱ። ደብዳቤው ላይ አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው የሰው ብዛት፣ የድምፅ መሣሪያው ዓይነትና የሚጠየቅ ሰው ስልክ ይኑር። ግልባጩን በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ አድርሱ። የግለሰብ ማመልከቻ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተታል፤ የትምህርት ቤት፣ የእድር ወይም የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ኮሚቴ ማኅተም ያረፈበት ግን ቶሎ መልስ ያገኛል። በቃል «ችግር የለም» ቢሏችሁም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በዕለቱ ተረኛ የሚሆነው ሌላ ሰው ነው።

መንገድ ለመዝጋት አትሞክሩ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና ያልገባበት ጎዳና ምን ያህል ሕዝብ እንደሚስብ አሳይቷል፤ ግን ያንን ያደረገው መንግሥት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁ ከሆነ በር ያለው ግቢ ይበልጣል፤ አምቡላንስም የሚገባበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

5. የድምፁን ነገር አትናቁት

የሰፈር ኮንሰርት የሚያጣላው ሙዚቃው አይደለም፣ ድምፁ ነው። የኢትዮጵያ የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ያስቀምጣል። ድምፅ በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ድምፅ ማጉያው አንድ ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል ቢያወጣ፣ 8 ሜትር ላይ 72፣ 32 ሜትር ላይ 60 ይሆናል፤ ወደ 55 የሚወርደው 60 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ግቢው ዙሪያ ያሉት መስኮቶች ከደረጃው በላይ መስማታቸው አይቀርም ማለት ነው። የምትችሉት ጩኸቱን ማሳነስና ቀድሞ መነጋገር ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት በየበሩ እየዞራችሁ ሰዓቱን ንገሩ። ሕመምተኛ፣ አራስ ወይም ፈተና ያለበት ተማሪ ያለበትን ቤት ለይታችሁ ያዙ፤ ማጉያውንም ከዚያ ቤት አዙሩ።

ሁለት መካከለኛ ማጉያዎች ይበቃሉ። በመቆሚያ ላይ፣ ከተቀመጡት ሰዎች ራስ ከፍ ተደርገው ወደ መሬቱ ትንሽ ይዘንበሉ። መሬት ላይ የተቀመጠ ማጉያ ከፊት ያሉትን ያደነቁራል፣ ከኋላ ያሉት ግን ግጥሙን አይሰሙም። ማይክሮፎኖቹ ሁልጊዜ ከማጉያዎቹ ኋላ ይሁኑ፤ ያ ጆሮ የሚበጣ ፉጨት የሚመጣው ማይክሮፎኑ የማጉያውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው። ባሱን ቀንሱ፤ ግድግዳ አልፎ የሚሄደው እሱ ነው። ፎቆች በሦስት ጎን በከበቡት ግቢ ድምፅ እየተጋጨ ስለሚመለስ ከምታስቡት በታች አድርጉት።

መሣሪያዎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ማሲንቆ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ማይክሮፎኑ ወደ ቆዳው መቅረብ አለበት። ዋሽንት ላይ ነፋስ እንዳይገባ ማይክሮፎኑ ስፖንጅ ያስፈልገዋል። ከበሮ ምንም አያስፈልገውም። ለሠርግ የለመደ የድምፅ ባለሙያ ከበሮውንም ኪቦርዱንም እኩል ሊያስጮህ ይችላልና ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የሚያምኑትን ባለሙያ አስመርጡ። ልምምዱ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ 7 ሰዓት አካባቢ ይሁን።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ለእንዲህ ያለ ዝግጅት ትንሽ ጄኔሬተር ይበቃል፤ ከግቢው ጀርባ፣ ከልጆች ርቆ ይቀመጥ። ሽቦ ሰው በሚረግጥበት ካለፈ በምንጣፍ ሸፍኑት።

6. የዘፈኖቹን ዝርዝር ተቀበሉ

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሌላ ሰው የፈጠራ ሥራ በአደባባይ ሲቀርብ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። መግቢያ አለማስከፈላችሁ ብቻውን አያድናችሁም። ሙዚቀኞቹ የራሳቸውን ሥራና ባለቤታቸው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማዎችን ቢጫወቱ ነገሩ ይቀልላል፤ ሰፈሩም አዲስ ነገር ይሰማል።

7. በዕለቱ

ወንበሩ ለአረጋውያን፣ ከፊት ያለው ሰሌን ለልጆች። በሰዓቱ ጀምሩ፣ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ከቤቱ ይወጣል። የክብር እንግዳ ካለ ንግግሩ ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ይሁን፣ ሦስት ደቂቃም አይለፍ። መድረክ መሪው ይህን ለእንግዳው ቀድሞ በትሕትና ይንገር፤ ማይክሮፎን ከያዘ ባለሥልጣን እጅ ማስለቀቅ ከባድ ነው። የሰፈሩ ልጅ ወይም የሰፈሩ እናት አንድ ዘፈን እንዲዘፍኑ ቦታ ተዉ።

ቀሪውን ክፍያ ሰው ሳይበተን፣ በደረሰኝ ስጡ። ሳጥኑን በሙዚቀኞቹ ፊት ክፈቱና አስቆጥሯቸው። የተቀረጸ ምስል ካለ መጀመሪያ ለእነሱ አሳዩ፤ የቱን እንደምትለጥፉ እነሱ ይምረጡ፣ ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚደወልበትን ስልካቸውንም ከፈቀዱ ከሥሩ ጻፉ። ወንበሩ በዚያው ማታ ተቆጥሮ ወደ እድሩ ይመለስ።