የፓይተን ስሪቶችንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ፍጥነት ስታወዳድሩ

ጅማ ላይ በላፕቶፕ የፕሮግራም ፍጥነት የሚለካ ሰው ከምንም በፊት ቻርጀሩን ይመልከት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ብዙ ላፕቶፖች ያኔ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋሉ። ልኬት መሃል መብራት ከሄደ የዚያን ዙር ውጤት በሙሉ ጥላችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ስሪት 3.10 ከ3.11 ጋር ስታወዳድሩ ላፕቶፑ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የላይብረሪዎቹ (የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) ስሪትና ዳታው አንድ ይሁኑ፤ ለየስሪቱም የራሱን ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት (ላይብረሪዎቹ ከሌላው ሳይቀላቀሉ የሚጫኑበት የተለየ ፎልደር) ፍጠሩ። የምታወዳድሩት ዊንዶውስን ከኡቡንቱ ሊኑክስ ጋር ከሆነ ሁለቱንም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ጫኑ። በቨርችዋል ማሽን (በሌላ ሲስተም ላይ በሶፍትዌር የሚፈጠር አስመሳይ ኮምፒውተር) ውስጥ የሚሠራ ኡቡንቱን በቀጥታ ከተጫነ ዊንዶውስ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

መለኪያው የራሳችሁ ሥራ ይሁን፤ ለምሳሌ የጅማ ዞን ወረዳዎች የሆኑትን የጎማን፣ የማናንና የሊሙ ኮሳን የቡና ግዢ መዝገብ ከሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ የሰንጠረዥ ጽሑፍ) አንብቦ በወረዳ የሚደምር ፕሮግራም። መዝገቡ በአማርኛ ከተጻፈ ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት መንገድ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ጥቀሱ። ካልጠቀሳችሁ እነዚህ ስሪቶች ዊንዶውስ ላይ የሲስተሙን ነባሪ ኢንኮዲንግ ይወስዳሉ፤ ፊደሉ ይበላሻል ወይም ፕሮግራሙ ይቆማል። ደግሞም አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ ተራ ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል በተሞላ ፋይል የተለካ የንባብ ፍጥነት ለአማርኛ መዝገብ አይሆንም።

ሰዓቱን ፓይተን ውስጥ ባለው ፐርፍ ካውንተር (time.perf_counter) ለኩ። የተለመደው የታይም ሰዓት (time.time) በእነዚህ ስሪቶች ዊንዶውስ ላይ ወደ 16 ሚሊሰከንድ እየዘለለ ስለሚቆጥር አጭር ሥራን አይለይም። ከዚህም የሚሻለው ፓይፐርፍ የተባለው መሣሪያ ነው፦ ፕሮግራሙን በ20 የተለያዩ ፕሮሰሶች ያስነሳል፣ በእያንዳንዱ አንዴ ካሟሟቀ በኋላ 3 ጊዜ ይለካል፣ የሁለት ስሪቶችን ውጤትም ያነጻጽራል። ላፕቶፑ ሲግል ራሱን ስለሚያዘገይ ቅደም ተከተሉን አቀያይሩ፤ መጀመሪያ 3.10፣ ቀጥሎ 3.11፣ ከዚያ እንደገና 3.11፣ መጨረሻ 3.10።

ዊንዶውስ ላይ ዲፌንደር የተባለው ጸረ-ቫይረስ የሚነበበውን ፋይል ሁሉ ስለሚፈትሽ ብዙ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ይጎተታል። ዲፌንደርን ከማጥፋት ይልቅ የሙከራውን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ውጭ አድርጉ።

ውጤቱን ስታነቡ ሚዲያኑን (ውጤቶቹ በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ከመዋዠቁ (ልኬቶቹ እርስ በርስ ከሚለያዩበት መጠን) ጋር እዩ። ልዩነቱ 2 በመቶ፣ መዋዠቁ 5 በመቶ ከሆነ አሸናፊ የለም። የፓይተን አዘጋጆች 3.11 ከ3.10 በአማካይ 25 በመቶ ገደማ እንደሚፈጥን አስታውቀዋል፤ አብዛኛው ሥራ ከባዱ ክፍላቸው በሲ ቋንቋ ኮድ በሚሠራ እንደ ፓንዳስ ባሉ ላይብረሪዎች ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ግን ያን ያህል አትጠብቁ። በዊንዶውስና በኡቡንቱ መካከል ለሚታየው ልዩነትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ብቻ ተጠያቂ አታድርጉ። የዊንዶውሱ ፓይተን በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም)፣ የኡቡንቱው ጂሲሲ በተባለ ሌላ ኮምፓይለር የተገነባ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን ፓይተኑ ከየት እንደተጫነና በምን ኮምፓይለር እንደተሠራ ጻፉ።