አባባ አንገታቸው ላይ ስቴንት ገብቶላቸው ባሕር ዳር ከገቡ በኋላ

የአባታችሁ የአንገት ደም ሥር ጠቦ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ተደረገላቸው እንበል። አሁን ባሕር ዳር ቤታቸው ናቸው፣ እናንተ ውጭ። በስልክ «ደህና ነኝ ልጄ» ይሏችኋል። ምን ሊሉ ኖሯል!

ዋናው ነገር ክኒኑ ነው። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ4 ሳምንት አብረው ይወሰዳሉ፤ ከዚያ አንዱ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። መሃል ላይ ከተቋረጡ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የወሩ መድኃኒት ባንዴ ተገዝቶ ይቀመጥ። «አልቋል» የሚል ፋርማሲ ብዙ ነው። በቴሌብር ብር ልኮ ዝም ማለት አይበቃም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያስውጥ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ጠበል ከሄዱ ይጠመቁ፣ ክኒኑም አብሯቸው ይሂድ።

ጨጓራ ሲነካቸው ኦሜፕራዞል ገዝተው እንዳይውጡ፤ የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል። ሐኪሙ ሌላ ያዝላቸዋል። ለጉልበት ሕመም የሚወሰደው ዲክሎፍናክም የመድማት አደጋውን ይጨምራል። አንገታቸውን የሚያሽ ወጌሻ ደግሞ ጨርሶ አይምጣ።

በመጀመሪያው ወር ባንድ ወገን የሚጠና ራስ ምታት፣ ከፍ ያለ ግፊት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ በፓራሲታሞል አይታለፍ። ለረጅም ጊዜ ደም ያነሰው አንጎል ድንገት ብዙ ደም ሲደርሰው የሚመጣ ችግር አለ። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ ከተከሰተ ግን አንጎል ውስጥ ደም እስከመፍሰስ ያደርሳል። የግፊት መለኪያ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው አስይዙ፣ ቁጥሩም በየቀኑ ይላክላችሁ።

ስትደውሉ በቪዲዮ ይሁን። ፈገግ ይበሉ፣ ሁለት እጃቸውን ያንሱ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከወደቀ ወይም ምላስ ከተሳሰረ «ይሻላቸው ይሆናል» ብሎ ማደር የለም። ቢለቃቸውም እንኳ ወዲያው ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይወሰዱ። ቤታቸው ዘጌ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር ከተማ ዘመድ ጋ ቢቆዩ እመርጣለሁ፤ በሌሊት ከዚያ መውጣት ቀላል አይደለም።

ቀጣዩ ምርመራ የደም ፍሰቱን የሚያሳየው የአንገት ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ1 ወር፣ በ6 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። ስቴንቱ እንደገና መጥበቡ የሚታወቀው ከፊተኛው ውጤት ጋር ሲተያይ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ይቀመጥ። መኪና ያለው የጎረቤት ስልክም እዚያው ይጻፍ፤ ሌሊት ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ላይ እንዳይቆሙ።