ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ብዙ ሰው ድጋፍ አያጣም። ዘመድ ይደውላል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ ሐኪሙም በቅርብ ይከታተላል። ልብሱ በየጊዜው ስለሚሰፋ ሞራል እንደሆነ በሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። ጠያቂው ይቀንሳል፣ ሚዛኑ ይቆማል፣ ረሃቡም ብቅ ማለት ይጀምራል። ያኔ ብዙዎች ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሰውን ወደዚያ ዝምታ የሚወስዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ብርታት ሁልጊዜ የሚቆይ መስሎ መታየቱ

ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ጥገና ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍልም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው እምብዛም አይርበውም። ጥቂት ጉርሻ ያጠግበዋል። «በቃ፣ አሁን ቆርጫለሁ» ይላል። መቁረጡ እውነት ነው፤ ግን በዚያ ወቅት ትልቁን ሥራ የሚሠራለት ቀዶ ጥገናው ነው።

ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ለአንዳንዶች እስከ 2 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የምግብ ፍላጎት ቀስ በቀስ ይመለሳል። እንግዲህ ልማዱ መተከል ያለበት ረሃቡ ከመመለሱ በፊት ነው። በሰዓቱ መብላት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮቲኑን መብላት፣ በየቀኑ መራመድ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት። እነዚህ ነገሮች በቀላሉ የሚለመዱት ሁሉ ነገር እየቀና ባለበት ወቅት ነው። የሚደግፍዎትን ሰው መፈለግም እንዲሁ፤ ሲጨንቅዎት ከመፈለግ ደህና ሳሉ መፈለግ ይሻላል።

ሚዛኑን ብቻ ማመን

መጀመሪያ ላይ ክብደት በፍጥነት ይወርዳል፤ ከሚወርደው ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ብዙ ሰው ላይ ቀጥ ይላል። ምግቡ ያው ትንሽ ነው፣ ሚዛኑ ግን አይነቃነቅም። «እኔ ላይ አልሠራም» ብሎ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው። ሰውነት እያስተካከለ ነው እንጂ ቀዶ ጥገናው አልከሸፈም። በቀን ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ መውጣት ጭንቀት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይበቃል።

በመካከሉ ሌሎች ለውጦችን ይመዝግቡ። ጫማ ለማሰር ሲያጎነብሱ ትንፋሽ አለማጠሩ። ደረጃውን ሳያርፉ መጨረስዎ። የወገብዎ ልክ። ሐኪሙ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትዎን መቀነሱ። እኔ እንደማምነው ከኪሎው በላይ ሰውን የሚያበረቱት እነዚህ ናቸው።

ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል። ማበጠሪያው ላይ የተጠቀለለውን ፀጉር አይቶ አለመደንገጥ ከባድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተመልሶ ይበቅላል። መርገፉ ከቀጠለ የፕሮቲን፣ የብረት ወይም የዚንክ እጥረት ሊኖር ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ።

ሆድ ሲብስ ረሃብ ነው ብሎ ማሰብ

ቀዶ ጥገናው የሚያሳንሰው ጨጓራን ነው። ሐዘንን፣ ብስጭትን፣ ብቸኝነትን አያሳንስም። ሲከፋው በምግብ ይጽናና የነበረ ሰው ያ መጽናኛ በድንገት ይቀርበታል። ከዚያ ወይ ትንሽ ትንሽ እያለ ቀኑን ሙሉ መቀማመስ ይጀምራል፣ ወይ ሌላ መጽናኛ ይፈልጋል። አይስክሬም፣ ቸኮሌትና ጣፋጭ መጠጥ ትንሽ ጨጓራንም ሳያስቸግሩ ያልፋሉ፤ ክብደት የሚመለስበት አንዱ በር ይህ ነው።

አልኮል ግን ለብቻው ሊነገር ይገባል። በተለይ ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ጥገና) ከተሠራ በኋላ አልኮል በጣም በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ የሱስ አደጋውም ከፍ ይላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው፤ ማለትም ክትትሉ በሚላላበት ጊዜ። ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየትን የቅንጦት ነገር አያድርጉት። ለቁስሉ ሐኪም እንዳየዎት ሁሉ ለስሜትዎም ባለሙያ ይየዎት።

ቤተሰብ ሳይነገረው ያውቃል ብሎ መጠበቅ

«ደግፉኝ» የሚል ጥያቄ ለሚሰማው ሰው ግራ ያጋባል። ምን ያድርግልዎት? ያልገባው ሰው በሚያውቀው መንገድ ፍቅሩን ያሳያል፤ ሳህን ላይ ይጨምራል፣ «ይቺን ብቻ» ይላል፣ ሲበሉ ውሃ ይዞ ይመጣል። አንዲት ተጨማሪ ጉርሻ ደረት ላይ እንደምትቆም፣ እንደምታስመልስም አያውቅም።

ስለዚህ ነገሩን በዝርዝር ይንገሩት። «ሳህኔ ላይ አትጨምሩልኝ፤ ካስፈለገኝ ራሴ አነሳለሁ።» «ስበላ ውሃ አልጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እጠጣለሁ።» «ማታ ማታ አብረኸኝ ተራመድ።» «ስለ ኪሎዬ ሰው ፊት አታውሩ።» እንዲህ የተባለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

የትዳር ጓደኛ ነገር ደግሞ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። አንደኛው በፍጥነት ሲለወጥ ሌላው ሊሰጋ፣ ሊቀና ወይም የተተወ ሊመስለው ይችላል። በስዊድን በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ከቀዶ ጥገናው በኋላ መለያየትም፣ ላላገቡት ደግሞ አዲስ ግንኙነት መጀመርም ቀዶ ጥገናውን ካላደረጉት ይልቅ ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ ትዳር ይፈርሳል ማለት አይደለም። ግን ለውጡ ሁለቱንም ስለሚነካ ሁለቱም ሊነጋገሩበት ይገባል። የሚቻል ከሆነ አንዱን ቀጠሮ አብረው ይሂዱ።

ለማንም አለመናገር

«በአቋራጭ ነው የቀነሰው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሆድ ዕቃውን ተከፍቶ፣ አመጋገቡን ዕድሜ ልክ የለወጠ ሰው በምን አቋራጭ ሄደ? ቢሆንም ወሬውን ፈርቶ ሁሉን መደበቅ ያደክማል። በየግብዣው ሰበብ መፍጠር ሊኖር ነው። ለሁሉም የመናገር ግዴታ የለብዎትም። የሚያምኗቸው ጥቂት ሰዎች ይወቁ፤ ለሌላው «የሆድ ሕክምና ላይ ነኝ» ማለት ይበቃል።

ራስን ከሌላ ታካሚ ጋር ማወዳደር

ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ሰዎች ጋር መገናኘት በጣም ይረዳል። እርስዎ የሚሉትን ሳይብራራለት የሚረዳ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ማወዳደር ሲጀመር ግን ነገሩ ይበላሻል። መነሻ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የቀዶ ጥገናው ዓይነት፣ የስኳር በሽታ መኖሩና የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ ይለያያሉ። የመድኃኒት መጠንም ከታካሚ አይወሰድም፤ ያንን ሐኪም ይንገርዎት።

ድብርትን በምስጋና ለመሸፈን መሞከር

«ይህን ሁሉ ቀንሼ እንዴት ይከፋኛል?» ብሎ ራሱን የሚወቅስ አለ። ይከፋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድብርት ሊመጣ ይችላል፤ ራስን የመጉዳት አደጋም በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። የተንጠለጠለ ቆዳ መስታወት ፊት መቆምን ሊያስጠላ ይችላል። ሐዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቀ ይናገሩ። መኖር ካስጠላዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ክብደት ሲጨምር መሰወር

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ሰውየው ግን ያፍራል። «ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?» ይላል። ቀጠሮውን ይዘለዋል፣ ስልክ አያነሳም፣ ቫይታሚኑንም ይተወዋል።

ቫይታሚኑ ሲተው ሌላ ችግር ይከተላል። ብረት፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ያንሳሉ። ደም ማነስ ይመጣል። ሰውነት ይዝላል፣ መራመድ ይከብዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። እሱ ደግሞ «ሰነፍኩ፣ ሞራሌ ሞተ» ብሎ ራሱን ይኮንናል። ያ ስንፍና ደም ሲመረመር የብረት እጥረት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ክትትሉ በመጀመሪያው ዓመት በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ የሚደረገው፣ ቫይታሚኑም ዕድሜ ልክ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የተመለሰ ክብደትም መፍትሔ አለው። አመጋገቡን የሥነ ምግብ ባለሙያ ያየዋል፣ የጨጓራው ሁኔታ ይመረመራል፣ ለአንዳንዱ መድኃኒት ይታዘዛል። ቀድሞ ከታየ ደግሞ ይቀላል። ስልክ መደወሉ ከከበደዎት አንድ የሚያምኑት ሰው ይደውልልዎ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «ክብደቴ ጨምሯል፣ ክትትል አቋርጬ ነበር፣ ቀጠሮ እፈልጋለሁ» ይበቃል። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ የደም ምርመራው ቀደም ብሎ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።