ከታመመ የባህር ዓሣ ንጹሕ የባክቴሪያ ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

በባህር ውስጥ በመረብ ጎጆ የሚረባ ዓሣ መሞት ሲጀምር ቪብሪዮ የተባለውን የባህር ባክቴሪያ ማግኘት ከባድ አይደለም። ቪብሪዮ በውኃው ውስጥም፣ በጤነኛ ዓሣ ቆዳና አንጀት ላይም አለ። ከባዱ ነገር በላቦራቶሪው የማሳደጊያ ሳህን ላይ የበቀለው ባክቴሪያ ዓሣውን የገደለው ራሱ መሆኑን ማወቅ ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው ዓሣው በሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሞተ ዓሣ አይውሰዱ። ውኃው ሞቅ ያለ ከሆነ የአንጀት ባክቴሪያ ዓሣው በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኩላሊትና ጉበት ይደርሳል። የሚፈለገው ከመንጋው የተነጠለ፣ ቀለሙ የጠቆረ፣ መኖ የተወ፣ ክንፎቹ ሥር ደም የቋጠረ፣ ግን ገና የሚተነፍስ ዓሣ ነው። ከ5 እስከ 10 ይበቃል። መድኃኒት ያለው መኖ ከመጀመሩ በፊት ይውሰዱ፤ ከተጀመረ በኋላ ምንም ያልበቀለበት ሳህን ዓሣው ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ዓሣውን ትራይኬይን በተባለ የዓሣ ማደንዘዣ ከልክ ያለፈ መጠን ይግደሉት፤ ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ። ዓይኑ የፈጠጠ ወይም እየተሽከረከረ የሚዋኝ ከሆነ አንጎል የሚያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ስለሚጠረጠር ከአንጎሉም ናሙና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጭንቅላቱን በዱላ አይምቱ። ጓንት ያድርጉ፤ ቪብሪዮ ቩልኒፊከስና ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባሉ ባክቴሪያዎች በትንሽ ጭረት ወደ ሰው ይገባሉ።

ቁስል ካለ ከመሃሉ ሳይሆን ከጠርዙ ጥቂት ፍቀው በስላይድ ላይ ይዩ። ረጃጅም ቀጫጭን ዘንጎች በብዛት ከታዩ ቆዳ የሚያቆስለው ቴናሲባኩለም የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ከዚያው ጠርዝ ማሪን አጋር (የባህር ውኃ ማዕድናት ያሉት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይም ይዝሩ።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። የፊተኛው ኩላሊት ከጭንቅላቱ ኋላ ከአከርካሪው ሥር የተለጠፈ ጥቁር ቀይ ሥጋ ነው። ትንሽ ዓሣ ከሆነ ሆዱን ባይነኩ ይሻላል። ቆዳውን በ70 በመቶ አልኮል ጠርገው ይድረቅ፤ ከዚያ ከጭንቅላቱ ኋላ ከጀርባ ወደ ታች አከርካሪው እስኪቆረጥ ብቻ ይቁረጡና ጭንቅላቱን ወደ ሆዱ አጠፍ ያድርጉት። ኩላሊቱ ከስብራቱ ሥር ብቅ ይላል፤ አንጀቱ አልተነካም።

ትልቅ ዓሣ ግን በሆድ በኩል ነው የሚከፈተው። ከፊንጢጣው ትንሽ ፊት ጫፉ ደነዝ በሆነ መቀስ ይጀምሩ፤ የጎኑን ግድግዳ በላይኛው በኩል እስከ ስንጥቡ መክደኛ እየዞሩ ቆርጠው ያንሱት። ቆዳ የቆረጠው መሣሪያ ውስጥ አይግባ፤ ሌላ ንጹሕ ስብስብ ይያዙ። አንጀቱን አይጎትቱ፤ ወደ ጎን ገፋ አድርገው የአየር ከረጢቱን ይግለጡ። ኩላሊቱ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን በጋለ ብረት ነካ አድርገው ገጹ እስኪነጣ ያድርቁት፤ ሉፑም (ናሙና የሚወሰድበት ባለ ቀለበት ሽቦ) በዚያች ነጥብ ወደ ውስጥ ይግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሉፑ ከእሳት ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ ይገባል። ሲነካ ቸስ ካለ የሚፈልጉትን ባክቴሪያ ጠብሰውታል። አንጀት ከተበሳ ደግሞ በውኃ ታጥቦ አይጠራም፤ ያን ዓሣ ትተው ሌላ ይክፈቱ። ጣፊያው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለ ፎቶባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ይጠረጠራልና ከዚያም ይዝሩ።

ማሳደጊያው ጨው ይፈልጋል። ትሪፕቲክ ሶይ አጋር የተባለው የተለመደ ማሳደጊያ በራሱ 0.5 በመቶ ጨው ስላለው በሊትር 15 ግራም ሲጨመር 2 በመቶ ይሆናል። ቴናሲባኩለም ግን የገበታ ጨው ብቻ አይበቃውም፤ የባህር ውኃ ማዕድናት ይፈልጋል። ለቪብሪዮ የተዘጋጀውን ቲሲቢኤስ አጋርን ብቻውን የሚጠቀሙ አሉ፤ አልመክርም። ጣፊያ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ፎቶባክቴሪየም ዳምሴሌ ፒሲሲዳ እዚያ ላይ አይበቅልም፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን በሽታ የለም ተብሎ ይታለፋል። ሳህኖቹን እንደ ሰው ናሙና 37 ዲግሪ ላይ አያስቀምጡ፤ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ለቀዝቃዛ ባህር ዓሣ 15 ዲግሪ ላይም ሌላ ሳህን ይኑር። በ24 ሰዓት አይተው አይጣሉ፤ እስከ 7 ቀን ይጠብቁ።

ላቦራቶሪው ሩቅ ከሆነ ሙሉውን ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው በበረዶ ላይ በዚያው ቀን ይላኩ፤ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ።

የውጤቱ ንባብ እንዲህ ነው፦ ከብዙዎቹ ዓሦች ኩላሊት አንድ ዓይነት ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለ ተጠርጣሪውን አግኝተዋል። አራት አምስት ዓይነት ተቀላቅሎ ከወጣ ያዩት አንጀት ወይም ቆዳ ነው። የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገታ የሚያሳየው የመድኃኒት ዲስክ ምርመራ የሚደረገው ከአንድ ኮሎኒ እንደገና ተዘርቶ በጠራ ባክቴሪያ ነው። ጨው ለሚፈልገው ባክቴሪያ ለዚህ ምርመራ በሚውለው ሙለር ሂንተን አጋር ላይ 1 በመቶ ጨው ይጨመር እንጂ በባህር ውኃ አይዘጋጅ፤ ማግኒዚየምና ካልሲየሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ አስሮ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ ያጠበዋል፤ የሚሠራው መድኃኒትም የማይሠራ ይመስላል።