ሚኒሞው አልወርድ ላለ አሮጌ መኪና

የቤንዚን መኪናዎ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሚኒሞው (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ ከቀረ የሚኒሞ ብሎኑን ለማዞር አይቸኩሉ። ብሎኑ ብቻውን አይዞርም፤ የሞተሩ የጎማ ቱቦ ግን በሙቀት ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ የነዳጅ መስጫው ገመድ ትንሽ መላላቱን በእጅ ይሞክሩ። ደህና ከሆነ ማርሹን ነፃ አድርገው የእጅ ፍሬን ይያዙ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ከአየር ማስገቢያው የሚነሱትን ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ አንድ በአንድ ቆንጠጥ ያድርጉ። ሲቆነጠጥ የሞተሩን ድምፅ በግልጽ ዝቅ የሚያደርገው ቱቦ፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ዕቃ፣ አየር ያስገባል። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር በጣም ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ስንጥቅ እንኳን ለውጥ ታመጣለች፤ በኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ተለክቶ በሚረጭበት) መኪና ደግሞ ለተጨማሪው አየር ኮምፒውተሩ ነዳጅ ሊጨምርለት ይችላል፣ ዙሩም ይወጣል። አብዛኞቹ ባለ 4 ሲሊንደር መኪናዎች ሲሞቁ በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር ገደማ ይበቃቸዋል።

የነዳጅ ቱቦና ደርቆ የጠነከረ ጎማ ግን አይቆንጥጡ፤ ይሰበራል። ከቫልቭ ክዳኑ የሚመጣው የጭስ መተንፈሻ ቱቦ ሲያዝ ዙሩ በመጠኑ ቢወርድ ጤናማ ነው። እጅጌዎን ከቬንትሌተሩና ከቺንጊያው ያርቁ።