ለኳየርና ለኦርጋን ስታቀናብሩ ከቃሉ ጀምሩ

አንድ የገና በዓል ላይ ከዘመርን በኋላ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ድምፃችሁ ደስ ይላል፤ ምን እንዳላችሁ ግን አልሰማሁም» አሉኝ። ቅንብሩ የኔ ነበር። ኦርጋኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አላረፈም። ከዚያ ወዲህ ከኮርድ (አብረው ከሚሰሙ ኖታዎች) አልጀምርም፤ ከቃሉ ነው የምጀምረው።

«ኦልድ ሃንድረድዝ» የሚባለውን ዜማ እንውሰድ። በ1551 ጄኔቫ ውስጥ በታተመ የመዝሙረ ዳዊት ዝማሬ ላይ የወጣ ነው፤ የሉዊ ቡርዧ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። አራት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ስምንት ኖታ ነው። በጂ ሜጀር (መነሻው ጂ በሆነ ስኬል) ሲዘመር ከታችኛው ዲ እስከ ላይኛው ዲ ብቻ ስለሚሄድ ጉባኤውም አይከብደውም።

ስምንት ኖታ ላይ የአማርኛ ስንኝ ስታስቀምጡ ፊደል አትቁጠሩ። «ምድር ሁሉ እልል በሉ» ሲጻፍ አስር ፊደል ነው። ሲዘመር ግን ስምንት ነው፦ ም፣ ድር፣ ሁ፣ ሉ፣ እ፣ ልል፣ በ፣ ሉ። «ር» ሳድስ ናት፤ ከ«ድ» ጋር ትዘጋለች እንጂ የራሷ ኖታ አይሰጣትም። ከሰጣችኋት ዘማሪው «ምድሪ» ማለት ይጀምራል፤ ጆሮ ይቆረቁራል። «ሁሉ» ደግሞ ይጠብቃል። «ሁ» ላይ ቆዩና «ል»ን ወደሚቀጥለው ኖታ ስትሻገሩ ርገጧት። የመዝሙሩን ቁጥሮች (አንቀጾች) ሁሉ እንዲህ ጮክ ብላችሁ ፈትሹ።

ከዚያ ቤዙን (የታችኛውን ድምፅ) ጻፉ። የመሃል ድምፆቹ አልቶና ቴነር በኋላ ይመጣሉ፤ ብዙም ሳይዘሉ በቅርብ ኖታ ይሂዱ። የኛ ኳየር 18 ሰው ነው፣ ቴነር ሦስት ብቻ። ስለዚህ ቴነሩን ወደ ላይ አልሰቅለውም።

መዝሙሩ አራት ቁጥር ካለው አራቱንም አንድ ዓይነት አታድርጉት። እኔ የመጀመሪያውን ሁሉም በአንድ ድምፅ ከኦርጋን ጋር፣ ሁለተኛውን በአራት ድምፅ ያለ ኦርጋን አደርጋለሁ። ሦስተኛው ላይ ዜማውን ወንዶች ይይዛሉ። መጨረሻው እንደገና በአንድ ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ ኦርጋኑ አዲስ ቤዝ ይዞ ይምጣ። የመጨረሻው ሐረግ ዜማ ዲ፣ ቢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ ነው። ቤዙን ቢ፣ ጂ፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ዲ፣ ጂ አድርጉትና ተጫወቱት። ቤዙ ከቢ ተነስቶ አንድ አንድ ኖታ እየዘለለ እስከ ኤ ሲወርድ ዜማው ከላይ ተመልሶ ወደ ሲ ይነሳል። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌም ልቤ ይሞላል። ይህ ቤዝ ከአራት ድምፁ ጋር ስለሚጋጭ ኳየሩ በአንድ ድምፅ ሲዘምር ብቻ ተጠቀሙበት።

ኦርጋን እንደ ፒያኖ አይደለም፤ ጣት እስኪነሳ ድምፁ አይደክምም። ስለዚህ ትንፋሹን እናንተ ጻፉለት። በየሐረጉ መጨረሻ ኦርጋኑም ከዘማሪው ጋር እጁን ያንሳ። አብዛኞቻችን ደግሞ የቧንቧ ኦርጋን የለንም፤ ኪቦርድ ላይ የኦርጋን ድምፅ ከፍተን ነው የምንጫወተው። እንደዚያ ከሆነ ሰስቴይን ፔዳሉን (ድምፅ የሚያስረዝመውን የእግር መርገጫ) ንቀሉት፤ ድምፁን ያደበላልቀዋል። ቤዙን ግራ እጅ ይያዝ።

የመጨረሻው ልምምድ ላይ ሌላ ሰው ይምራና እናንተ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የ«ምድር»ን «ር» ከዚያ ካልሰማችሁ ኦርጋኑን ቀንሱና እንደገና አዘምሯቸው።